ምስጢር ያላችሁት ምስጥ ነው፦ ስለ ክቡ ቤተ ክርስቲያንና ስለቆመው ጣሪያ ግልጽ ደብዳቤ

ለቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የቆመው የጣሪያ ጥገና እንዲቀጥል እና የሕንፃው ንድፍ ከነማብራሪያው ለሕዝብ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በጣና ዳር ካሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ላይ ይካሄድ የነበረው የጣሪያ ጥገና ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በቃል ትእዛዝ ቆሟል። የተሰጠን ምክንያት «በማኅበራዊ ሚዲያ የተነሣው ጉዳይ እስኪጣራ» የሚል ብቻ ነው። ማን እንደሚያጣራው፣ ምን እንደሚጣራና መቼ እንደሚያልቅ የነገረን የለም። የቤተ ክርስቲያኑን ስም እዚህ አንጽፍም፤ ስሙ ሳይጻፍም በየሳምንቱ ኮምፓስና የመለኪያ ሜትር ይዞ የሚመጣው ሰው በቅቶታል። እናንተ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ወሬው ምን እንደሆነም ታውቃላችሁ። ከዓመት በፊት አንድ ጎብኚ የሕንፃውን ውስጥ በስልኩ ቀርጾ «የውጭው ስፋትና የውስጡ ስፋት አይገጥምም» አለ። ሌላው ግድግዳውን አንኳኩቶ ባዶ ድምፅ ሰማሁ አለ። ሦስተኛው በጣሪያው እንጨት ላይ ቁጥር አገኘ። ከዚያ በኋላ ሁሉም መርማሪ ሆነ፤ ድብቅ ክፍል አለ፣ ዋሻ አለ፣ ወርቅ አለ፣ ታቦተ ጽዮን ጣና ቂርቆስ ቆይታለች ከሚለው ትውፊት ጋር ያገናኘውም አልጠፋም። ጥያቄው ራሱ ነውር የለበትም። ቤቱ እንግዳ አሠራር አለው፤ ያየ ሰው ለምን ብሎ ቢጠይቅ ደግ አደረገ። ቅር ያሰኘን መልሱን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ዝም ማለቱና ዝምታው ጣሪያ እስከማስቆም መድረሱ ነው። ስለዚህ እናንተ ያልሰጣችሁትን መልስ እኛ እዚህ እንሰጣለን፤ ከመካከላችን አናጺ፣ ግንበኛ፣ የሥዕል ጥገና ባለሙያና አስጎብኚ አለና።

አንደኛ፣ «የጠፋው ክፍል»።

ቤቱ ከውጭ ክብ ነው። ሲገባ መጀመሪያ የሚገኘው ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ካህናቱ ማኅሌት የሚቆሙበት፣ ዙሪያውን የሚሄድ መተላለፊያ። ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ ምእመናን የሚቆርቡበት። መካከል ላይ ያለው መቅደስ ግን ክብ አይደለም፣ አራት ማዕዘን ነው። ይህ የዚህ ቤት ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም፣ አዝዋ ማርያምም፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴም መቅደሳቸው በክብ ውስጥ የተቀመጠ ሳጥን ነው።

በክብ ውስጥ አራት ማዕዘን ሲቀመጥ የሚሆነውን በቁጥር እንየው። ለማስረዳት እንዲመች ቅድስቱን የከበበው ክብ ግድግዳ ከውስጥ 12 ሜትር ስፋት፣ የመቅደሱ አንድ ጎን ከውጭ 7 ሜትር ይሁን። በመቅደሱ ጎን መካከል ላይ መተላለፊያው 2 ሜትር ከ50 ሳንቲም ይሰፋል። ወደ ማዕዘኑ ሲጠጉ ግን የመቅደሱ ሰያፍ 9 ሜትር ከ90 ስለሆነ መተላለፊያው ወደ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲም ይጠባል። አንድ ዙር የሄደ ሰው አራት ጊዜ ሰፊ፣ አራት ጊዜ ጠባብ ቦታ ያገኛል ማለት ነው። በቪዲዮው «ግድግዳው እዚህ ጋ ወደ ውጭ ተገፍቷል፣ ከኋላው የሆነ ነገር አለ» የተባለበት ቦታ የመቅደሱ ሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ነው። ከኋላው ያለው መቅደሱ ነው።

ሁለተኛው ስሌት ከዚህ ይብሳል። መርማሪዎቹ የመቅደሱ ውጭ 7 በ7 ሜትር፣ 49 ካሬ ነው ብለው ያዙ። ውስጡን ምእመን ገብቶ አይለካምና ከአንድ ሰው አፍ «ስድስትም አይሞላ» የሚል ሰምተው 5 ሜትር ከ60 በ5 ሜትር ከ60 አደረጉት፤ 31 ካሬ ከምናምን። ከ17 ካሬ ሜትር ተኩል በላይ ጠፋ ተባለ። አልጠፋም፤ ግድግዳው ነው። ውፍረቱ 70 ሳንቲም የሆነ ግድግዳ በአራቱም ጎን ሲቆጠር የሚይዘው ቦታ ልክ ይኸው ነው። ይህን ያህል የወፈረውም የጣሪያውን መሃል የሚሸከመው እሱ ስለሆነ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከቅድስቱ ጣሪያ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉልላቱ የሚቆመውም በዚያ ላይ ነው። ከውጭ ሁለተኛ ፎቅ የሚመስለው አናት ወለልም መሰላልም የለውም፤ የጣሪያ እንጨት ብቻ ነው።

በምሥራቅ በኩል ታየ የተባለው «የተደፈነ በር» ደግሞ ከስልኩ የመጣ ነው። ፓኖራማ ሲነሣ ሰውየው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ እንዲዞር ይጠበቃል። በክብ መተላለፊያ ውስጥ ግን እየተራመደ ነው የሚያነሣው። ስልኩ ምስሎቹን ሲያጋጥም አንዱን በር ሁለት ያደርገዋል፣ ሌላውን ይውጠዋል። ልብ ብሎ ያየ ሰው በዚያው ምስል ላይ ከበሩ አጠገብ ያለው ምሰሶም ግማሹ ብቻ እንደሆነ ያስተውላል።

ይህን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ የሰፈረ ንድፍ ይመልሰው ነበር። ንድፉ ተሠርቷል፤ ልኬቱ ሲወሰድ ሜትሩን የያዝነው እኛ ነበርን። መሳቢያ ውስጥ ለምን እንደተቀመጠ ግን አልገባንም።

ሁለተኛ፣ ባዶ የሚጮኸው ግድግዳ።

የዚህ መቅደስ ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው። ላዩ በጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርጓል። በምርጊቱ ላይ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ተለጥፏል፤ ሥዕሉ ያለው በጨርቁ ላይ ነው። ከቀለሙ እስከ ድንጋዩ ሦስት መጋጠሚያ አለ፦ ቀለም ከጨርቅ፣ ጨርቅ ከምርጊት፣ ምርጊት ከድንጋይ። ከሦስቱ አንዱ ሲላቀቅ መሃል አየር ይገባል፤ አየር ያለበት ነገር ሲመታ ይጮኻል። ከበሮም ይጮኻል፣ ሆዱ ውስጥ የተቀበረ ወርቅ ግን የለም።

እኛም ግድግዳ እናንኳኳለን። ልዩነቱ አመታቱ ላይ ነው። በጣት መዳፍ በኩል፣ እንደ እንቁላል በቀስታ፣ በየ10 ሳንቲሙ ይነካል፤ ባዶ የጮኸው ቦታ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ከፊቱ በተወጠረ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ላይ ይሣላል። ያ ካርታ ከዓመት ዓመት ሲነጻጸር መላቀቁ መስፋቱና አለመስፋቱ ይታወቃል። ከዚያ የተላቀቀው ምርጊት ከሆነ አቧራው ይወጣል፤ ውስጡ በትንሹ ይረጥባል፤ በወንፊት የተነፋ አፈርና የበሰለ ኖራ ቀጥኖ በ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከታች ወደ ላይ ይገባል፤ ጥጥ በተጠቀለለበት ጣውላ ተደግፎ ቢያንስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይቆያል። ክፍተቱ ከ2 ሳንቲም ካለፈ በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ እርጥቡ ክብደት ምርጊቱን ይዞት ይወርዳል። ሲሚንቶ አይነካውም። ሲሚንቶ ከጭቃ ይጠነክራል፣ ውሃ አያስተነፍስም፣ ውሃው ዞሮ በሥዕሉ በኩል ይወጣል። ጂብሰምም ወደ ሥዕሉ አይጠጋም፤ እርጥበት ይስባል።

አሁን የሆነውን እንናገር። ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት ሰሞን፣ ሰዎች በቁልፍ ጫፍና በጣት አጥንት ሲያንኳኩ በመቅደሱ በር ላይ ሰይፍ ይዞ ከቆመው መልአክ የልብስ ዘርፍ የሁለት መዳፍ ያህል ወደቀ። ያ ቦታ በእኛ ካርታ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት «አስቸኳይ» ተብሎ በቀይ የተከበበ ነው። የወደቀውን ቁራጭ የወሰደው ሰው «ለላብራቶሪ» ብሎ ነው የወሰደው። የትኛው ላብራቶሪ እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ጽሕፈት ቤቱ በዕለቱ በስልክ፣ በሦስተኛው ቀን በጽሑፍ እንዲያውቅ ተደርጓል። መልስ አልመጣም።

በሥዕሉ ላይ የሚታየው ባለ አራት ማዕዘን መስመርም በር አይደለም፤ የጨርቁ ስፌት ነው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ እየተሰፋ ይቀጠላል። «ግድግዳው ይተነፍሳል» የተባለው ደግሞ እውነትነት አለው፣ ከሁሉም የሚያሳስበን እሱ ነው። አንዱ መርማሪ በነሐሴና በየካቲት የተነሡ ሁለት ምስሎችን ጎን ለጎን አድርጎ፣ በነሐሴው ሥዕሉ ሆዱ እንደተነፋ አሳይቷል። ልክ ነው። በክረምት ከላይ የወረደ ውሃ በጨርቁ ጀርባ ይገባል፣ ሙጫው ይላላል፣ ጨርቁ ይረግባል። በበጋ ይደርቅና ይወጠራል። እየላላና እየተወጠረ ጥቂት ዓመት ከሄደ ቀለሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይነሣል። ሰውየው ተአምር ያለው እኛ በየዓመቱ በሪፖርት የምንጽፈውን ብልሽት ነው።

ከወለል ተነሥቶ ወደ በሩ አናት የሚወጣው፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቡናማ መስመርም እንዲሁ። «የዋሻው ካርታ» ተብሏል፤ ምስጢር ያሉት ምስጥ ነው። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይችል ከአፈር የራሱን ሽፋን እየሠራ ወደ እንጨት ይወጣል። መስመሩ የሚያመለክተው ከበሩ በላይ ያለው የዋንዛ አግዳሚ እየተበላ መሆኑን ነው። ማረጋገጥ የፈለገ ከሽፋኑ 5 ሳንቲም ያህል ይሰብርና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይመለስ፤ ተደፍኖ ካገኘው ምስጡ በሕይወት አለ። እኛ ሰብረን አይተናል። ተደፍኗል።

ሦስተኛ፣ ምልክቶቹ።

በውጭው ግድግዳ ስንጥቅ ላይ የተለጠፉት፣ ቀን የተጻፈባቸው ነጭ ምልክቶች የኛ ናቸው። ጂብሰም ናቸው፤ 10 ሳንቲም ርዝመት፣ 4 ሳንቲም ወርድ፣ ሥዕል በሌለበት ድንጋይ ላይ ስንጥቁን አቋርጠው የተለጠፉ። ጂብሰም አይለጠጥም። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀበት ስፋት በየወሩ ይለካል። ከአምስቱ ሁለቱ «ማስረጃ» ተብለው ተነቅለው ተወስደዋል፤ የ14 ወር ልኬት አብሮ ሄዷል። ስንጥቁ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው ብትሉን በእነዚያ ሁለት ቦታዎች ዛሬ መልስ የለንም።

በጣሪያው ወራጆች ላይ በቀይ የተጻፉት «ሀ1፣ ሀ2፣ ለ1» የሚሉትም የአናጺ ቁጥር ናቸው። ከምዕራቡ በር ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይቆጠራል፤ ሀ የላይኛው ቀለበት፣ ለ የታችኛው። ጣሪያ ሲፈታ እያንዳንዱ እንጨት ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው። ከዕብራይስጥ ቁጥር ጋር ያዛመዱትን ሰዎች ድካም እናደንቃለን።

ስለ ቀሪው ባጭሩ። በሥዕሉ ላይ አንድ ዓይን ብቻ የሚታያቸው ሰዎች የማንም ስውር ማኅበር ምልክት አይደሉም፤ በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ፣ ማንም መሪጌታ ይነግራችኋል። በጉልላቱ ላይ ያሉት የሰጎን እንቁላሎች አንቴና አይደሉም። መጋረጃው ሥዕሉን ከብርሃንና ከአቧራ ለመከለል ነው፤ እርግጥ ከሥዕሉ ጋር እየታከከ ስለተሰቀለ ራሱ ቀለም እየፋቀ ነው፣ 15 ሳንቲም ራቅ ብሎ ይሰቀል ብለን የጻፍነውም መልስ ከሚጠብቁት አንዱ ነው። ወርቅ ፈላጊዎችም ይህን ይወቁ፤ ገዳም ንብረቱን ግድግዳ ውስጥ አይደብቅም፣ ዕቃ ቤት አለው። ብራና በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አይቆይም። ዳጋ እስጢፋኖስ የእነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የእነ ዐፄ ፋሲልን አፅም የሚጠብቀው በዕቃ ቤቱ ነው፤ ያንንም አልደበቀም።

አራተኛ፣ ጣሪያው። ዋናው አቤቱታችን ይህ ነው።

ቤቱ ጥንት በሰንበሌጥ የተከደነ ነበር። ሣር ለክብ ጣሪያ የተፈጠረ ነው፤ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ሲሄድ ራሱ እየጠበበ ጉልላቱን ይይዛል፣ ክፈፉም ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ወጥቶ ውሃውን አርቆ ይጥላል። በኋላ በቆርቆሮ ተተካ። እሳትን ለመከላከል ሲባል ነው፤ ሣር በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ ሰንበሌጡም እንደ ድሮው አይገኝም። ውሳኔውን አንወቅስም፤ አሠራሩን ግን እንወቅሳለን። ቆርቆሮ የተሠራው ለቀጥታ ተዳፋት ነው። በሾጣጣ ጣሪያ ላይ ሲገባ ወደ ላይ እየጠበበ መቆረጥ አለበት፤ ሲቆረጥ የአንዱ ሞገድ ከሌላው ሞገድ ጋር አይገጥምም፣ የጎን መደራረቢያው ከታች ሰፊ ከላይ ምንም ይሆናል። ውሃ የሚገባው እዚያ ነው። በዚህ ላይ ሚስማሩ በሞገዱ ሸለቆ ተመቷል። ሚስማር በሞገዱ ጀርባ ላይ ይመታል፤ ሸለቆው የውሃ መንገድ ነው። ክፈፉ የወጣው 30 ሳንቲም ብቻ ነው፣ አሸንዳ የለውም፤ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ተመልሶ የግድግዳውን እግር ያረጥባል። ምስጡ የመጣው በዚያ እርጥበት ነው። ከላይ የሚገባው ውሃ በመቅደሱ ግድግዳ አናት ላይ ወርዶ ከጨርቁ ጀርባ ይገባል። ባዶ ድምፁ፣ እየተነፋ የሚመለሰው ሥዕል፣ «ካርታው»፣ ስንጥቁ፣ ሁሉም ከዚህ አንድ ጣሪያ የመጡ ናቸው።

ጥገናው ይህን ለማስተካከል ነበር። በሰሜን በኩል ቆርቆሮው ተነሥቶ፣ የበሰበሱት ወራጆች ተለይተው፣ አዲሱ ቆርቆሮ በመርሐ ልክ ተቆርጦ በተቀመጠበት ቀን ቁም ተባለ። አሁን በዚያ በኩል ያለው ሸራ ብቻ ነው። ሸራው ለ10 ቀን የታሰበ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ገመዱን በየሳምንቱ ያላላዋል፣ መሃሉ ረግቦ ውሃ ያቁራል፣ በፀሐይ ደርቆ ጥርዙ መሰንጠቅ ጀምሯል።

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ክፍት የሆነው ቦታ ከላይ ወደ ታች ሲታይ 50 ካሬ ሜትር ያህል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ከጣለ 1,500 ሊትር፣ ማለትም ሰባት በርሜል ተኩል ውሃ በዚያ ሸራ ላይ ያርፋል። ሸራው አንድ ቀን ከተቀደደ የሰሜኑ ግድግዳ ሥዕል ያንኑ ቀን ያበቃለታል። ይህን የምንጽፈው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ቁፋሮው።

በምሥራቅ በኩል ከግድግዳው ሥር ጥልቀቱ 70 ሳንቲም የሆነ ጉድጓድ በሌሊት ተቆፍሯል። የግድግዳው መሠረት ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ድንጋይ ነው፤ የሚይዘው በጎኑ ያለው የተጠቀጠቀ አፈር ነው። አፈሩ ሲነሣ ድንጋዩ ወደ ጉድጓዱ ይንሸራተታል። ጉድጓዱ በማግስቱ በልቅ አፈር ተሞልቷል፤ ልቅ አፈር ደግሞ ውሃ ያጠራቅማል እንጂ ድንጋይ አይዝም። በየ15 ሳንቲሙ እየተጠቀጠቀ፣ ከታች ጠጠር ገብቶበት መሞላት ነበረበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈርን ይከለክላል። ይህ አዋጅ እያለ የሕጋዊ ጠጋኞች ሥራ ሲቆም፣ የቆፋሪዎቹ ጉዳይ ለፖሊስ እንኳ አልተጻፈም።

እኛ አስጎብኚዎቹም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ናርጋ ሥላሴ በር ላይ የተቀረጸው ፒፓ የሚያጨስ ሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው እያልን ስንት ዓመት ነገርን። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ብሩስ ጎንደር የገባው ከዚያ በኋላ፣ በ1770 እ.ኤ.አ. ነው። ቅርጹ የእሱ ከሆነ ዘግይቶ የተጨመረ መሆን አለበት፤ ይህን ጠይቀን ሳናጣራ ጎብኚ ስለሳቀ ብቻ ደገምነው። ወሬ ከኛም አፍ ይወጣል።

ለመርማሪዎቹም አንድ ቃል አለን። ብዙ ጊዜ ቢባልም ትልቁ ጥፋታችሁ የስልክ ፍላሽ አይደለም፤ ለፎቶ ስትጠጉ ሥዕሉን የሚፈትገው ትከሻችሁና ቦርሳችሁ ነው። ግን እናንተ እጅ ያለው ምስል ለኛ ይጠቅማል። የሁለት ሺህ ሰው ስልክ ውስጥ የዚህ ግድግዳ ፎቶ ከነቀኑ አለ፤ ይህን የሚያህል የብልሽት መዝገብ ማንም መሥሪያ ቤት የለውም። ያልተቆረጠውን፣ ጽሑፍ ያልተጻፈበትን ፎቶ ከነተነሣበት ቀን ለገዳሙ ጽሕፈት ቤት ስጡ። የመልአኩን የልብስ ዘርፍ የወሰድከው ወንድማችንም መልስ፤ በንጹሕ ወረቀት፣ ቀለሙ ወደ ላይ ሆኖ፣ በጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ። በላስቲክ አትጠቅልለው፣ ይሻግታል። ማን መለሰው ብለን አንጠይቅም።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የምንጠይቀው እነሆ።

የጣሪያው ሥራ ሰኔ ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ እንዲፈቀድ። የቀረው ሥራ ዝናብ ካልገባ ለአምስት አናጺና ለስድስት ረዳት የ12 ቀን ሥራ ነው፤ ቆርቆሮውም እንጨቱም ግቢ ውስጥ አለ። ፈቃዱ ከዘገየ ቢያንስ ከሸራው ሥር በባሕር ዛፍ አጠና ጊዜያዊ ተዳፋት እንዲሠራ ይፈቀድልን፤ ውሃው እንዳያቁር፣ ሸራው ሥዕሉን እንዳይነካ። ይህ የሁለት ቀን ሥራ ነው፣ ክፍያ አንጠይቅበትም።

የቤቱ ንድፍ፣ መቅደሱ ውስጥ ያለውን ሳይጨምር፣ የግድግዳው ውፍረት ተጽፎበት በመግቢያው ላይ በአማርኛ እንዲሰቀል። ከሥሩ ስለ ስፌቱ፣ ስለ ነጩ ምልክት፣ ስለ ቀዩ ቁጥር አንድ አንድ መስመር ይበቃል፤ ጽሑፉን እኛ እናዘጋጃለን፣ አበው ያርሙታል።

ከሥዕሉ አንድ ሜትር የራቀ የእንጨት መከለያ እንዲቆም፤ እግሩ ወለሉ ላይ ይቀመጥ እንጂ ግድግዳ ላይ በሚስማር አይመታ። በአንድ ጊዜ ወደ ቅድስቱ የሚገባው ጎብኚ ከ10 ሰው እንዳይበልጥ።

የበሩ አግዳሚ በዚህ ወር እንዲታይ። ምስጡ የኮሚቴ ስብሰባ አይጠብቅም።

ጉድጓዱ እንደገና ተከፍቶ በወጉ እንዲሞላ፣ የተነቀሉት ሁለት ምልክቶች በአዲስ እንዲተኩ፣ ስለ ቁፋሮው ለሕግ አካል እንዲጻፍ።

በመጨረሻም፣ «ጉዳዩ እስኪጣራ» የተባለው ማጣራት በእርግጥ ካለ፣ የአጣሪዎቹ ሙያና የሚጨርሱበት ቀን ይነገረን። ከአጣሪዎቹ አንዱ ያንን የመጀመሪያ ቪዲዮ የሠራው ሰው ነው የሚባለው እውነት ከሆነ አንቃወምም፤ አንድ ቀን ከእኛ ጋር መወጣጫው ላይ ይዋል። ሜትር እንሰጠዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

በጣና ዙሪያ ገዳማትና አድባራት ጥገና ላይ የተሰማራን አናጺዎች፣ ግንበኞች፣ የሥዕል ጥገና ባለሙያዎችና የጀልባ ጉዞ አስጎብኚዎች
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
- ለገዳሙ አበምኔትና ለቄሰ ገበዙ
- ቪዲዮ ለምትሠሩ ሁሉ